ዶሮ በበቆሎ ብቻ አትጥልም፦ ወደ ቤት ስለምንልከው የዶሮ ገንዘብና በቤት ስለሚለወስ መኖ

(በማኅበራችን የእሁድ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ያለቻችሁን አንድ የዕረፍት ቀን ለዚህ ስለሰጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ። በወር አንድ እሁድ ብቻ የሚፈቀድላችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ስለ ዶሮ ተናገሪ የተባልኩት በዕቁባችን ምክንያት ነው። ዕቁብ ከወጣላችሁ መካከል ብዙዎቻችሁ ገንዘቡን ልካችሁ ለእናት፣ ለእህት ወይም ለወንድም ሚስት ዶሮ አስገዝታችኋል። አንዷ 15፣ አንዷ 20፤ 50 ያስገዛችም አለች። ሀሳቡን አልቃወምም፤ እንዲያውም ለድግስ ከመላክ በጣም የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ዶሮ ሰፊ ቦታ አትፈልግም፣ ተማሪ እህት ጠዋትና ማታ ልትይዛት ትችላለች፣ እንቁላሉ ባይሸጥ እንኳ የቤቱ ልጆች ይበሉታል። ግን ከሦስት ከአራት ወር በኋላ በኢሞ የሚመጣላችሁ ድምፅ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። «ዶሮዎቹ መጣል አቆሙ።» «መኖ ተወዷል፣ ትንሽ ጨምሪልን።» «ሁለቱ እግራቸው ሰንፎ ተቀምጠው ቀሩ።»

እናንተም ትልካላችሁ። ያ ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ለእናንተ ነጋሪ አያስፈልግም። ከ2019 ወዲህ ደመወዟ በሊራ ተከፍሏት፣ ሊራው ደግሞ ኪሷ ውስጥ እያለ የቀለጠባት ሴት እዚህ ክፍል ውስጥ ሞልታለች። ስለዚህ ልላችሁ የመጣሁት ይህንን ነው፦ ሌላ ዶሮ እንዲገዛ ብላችሁ አትላኩ። በፊት መመገቢያ ገንዳውን ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ገንዳው ውስጥ ያለው በቆሎ ወይም ስንዴ ብቻ ከሆነ፣ 20 የነበረው ዶሮ 40 ሲሆን እጥፍ የሚሆነው ኪሳራው ነው።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ቢሾፍቱ አንድ እርባታ ውስጥ መኖ ስመዝንና ስቀላቅል ቆይቻለሁ። የምነግራችሁ ከዚያው የማውቀውን ነው።

እንግዲህ ከእንቁላሉ እንጀምር። አንድ እንቁላል 60 ግራም ያህል ይመዝናል። ውስጡ 6 ግራም የሚሆን ፕሮቲን አለ፤ ቅርፊቱ ላይ ደግሞ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም። ዶሮዋ ይህን የምታመጣው ከምትበላው ነው። የምትበላውም በቀን ወደ 120 ግራም ደረቅ መኖ ነው፤ አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። ከዚያች እፍኝ ውስጥ ለራሷ አካልና ለእንቁላሉ ከ18 እስከ 20 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ካልሲየም ደግሞ ወደ 4 ግራም። አሁን ያቺኑ እፍኝ በቆሎ ብቻ አድርጓት። በቆሎ ከመቶው ስምንት ወይም ዘጠኝ እጁ ብቻ ነው ፕሮቲን። ስለዚህ ዶሮዋ 10 ግራም አገኘች፤ የሚያስፈልጋትን ግማሽ ማለት ነው። ካልሲየሙማ ከቁጥር አይገባም።

እና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዶሮዋ ታታልላችኋለች። ካልሲየም ከራሷ አጥንት እያወጣች ትጥላለች። እናንተም «በበቆሎ ብቻ እኮ እየጣለች ነው» ትላላችሁ። ከዚያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ አንዳንዱ ቅርፊት የሌለው ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ መጣሉ ይቆማል፣ በመጨረሻ እግሯ አይሸከማትም። ያን ጊዜ ቤተሰብ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል። መድኃኒቱ የሚገዛበት ደግሞ የእናንተው ገንዘብ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዶሮ ስታረባ ምን ሰጠቻቸው? ጥቂት እህል በትና ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። የሀበሻ ዶሮ ግን የቀረውን ራሷ ትፈልጋለች። ትጭራለች፣ ትል ትለቅማለች፣ ሣር ትነጫለች፣ ጠጠር ትውጣለች፣ ክረምት ሲገባ ምስጥና አንበጣ ታገኛለች። የምትጥለውም በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ ከምታገኘው ጋር የሚመጣጠን ነው። እናንተ ያስገዛችኋቸው እነ ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ፣ እኛ የፈረንጅ ዶሮ የምንላቸው ናቸው። ቦቫንስ በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ250 በላይ እንድትጥል ተደርጋ የተዳቀለች ናት። እሷን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዘግቶ በቆሎ መስጠት ጭራ የምታገኘውንም መከልከል ነው። ፕሮቲን የሚሰጥ ነገር በአቅራቢያው ፈጽሞ ለማይገኝ ቤተሰብ እኔ የምመክረው አምስት የሀበሻ ዶሮ በግቢ ውስጥ ለቅቆ ማርባት ነው። ይህን ስል ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ፤ ሃያ ዶሮ ለጎረቤት ሲያሳዩት ደስ ይላል። የማይቀለቡ ሃያ ዶሮዎች ግን ደስታቸው ሦስት ወር ነው።

ወደ መኖው ልሂድ። ርዕሱ ላይ ስለሚለወስ መኖ ተብሏል። መለወስ ማለት ዱቄቱን መኖ በውኃ ማርጠብ ነው፤ በሶ እንደምንለውሰው። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይግባን፦ ውኃ ፕሮቲን አይጨምርም። በቆሎ ብቻውን ቢለወስ ያው በቆሎ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የደረቁን ድብልቅ እናስተካክላለን፣ ከዚያ ነው የምንለውሰው።

ለእንቁላል ጣይ ዶሮ 25 ኪሎ ያህል ድብልቅ እንዲህ ይሠራል፤ እስክሪብቶ አውጡ። በቆሎ 12 ኪሎ። የስንዴ ፉርሽካ 2 ኪሎ። የኑግ ፋጉሎ 5 ኪሎ ተኩል። የተቆላ አኩሪ አተር 3 ኪሎ ከሩብ። ለመኖ ተብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 2 ኪሎ። ተቃጥሎ የተፈጨ አጥንት ሩብ ኪሎ። ጨው 75 ግራም፣ ማለትም አራት ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ። በመጨረሻ ፕሪሚክስ የሚባለው የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት፤ የእሱ ልክ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ነው። ይህ ድብልቅ ከመቶው ወደ 16 ወይም 17 እጅ ፕሮቲን አለው። 20 ዶሮ በቀን 2 ኪሎ ከ400 ግራም ስለሚበላ አሥር ቀን ያደርሳል። ማሽላ በብዛት የሚገኝበት አገር ከሆነ የበቆሎውን ግማሽ በማሽላ መተካት ይቻላል።

ለምን ፋጉሎም አኩሪ አተርም? አንዱ አይበቃም ወይ? የፕሮቲን ዓይነቱ ስለሚለያይ ነው። በቆሎና ኑግ ላይሲን የሚባለው ነገር ያንሳቸዋል፤ አኩሪ አተር እሱ ሞልቶለታል። አኩሪ አተር የሚያንሰው ሜቲዮኒን ደግሞ በኑግ ውስጥ በደህና ይገኛል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ሽሮን በእንጀራ እንደምንበላው።

አኩሪ አተር ጥሬውን ለዶሮ አይሰጥም። ጥሬው ውስጥ ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለ፤ ዶሮዋ ትጠግባለች እንጂ አይጠቅማትም። እንደ ቆሎ ምጣድ ላይ መቁላት ነው፤ ውስጡ ድረስ እስኪበስል፣ ሲታኘክ የጥሬ ባቄላ ጣዕሙ እስኪጠፋ፣ ግን ሳያር። ይህን ለእናቶቻችን ማስረዳት አያስፈልግም፤ «እማዬ፣ እንደ ቆሎ ቁይው» ካላችኋት ይበቃል። በቆሎውንና አኩሪ አተሩን ወፍጮ ቤት ሲወስዱት እንደ ቅንጬ ሸካራ ሆኖ ይሰንጠቅ። እንደ እንጀራ ዱቄት ከላመ ዶሮዎቹ ምንቃር ላይ ይለጠፋል፣ ይበናል፣ ይባክናል።

የኖራ ድንጋይ ስል ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ አላልኩም። እሱ ያቃጥላል፣ ዶሮ ይገድላል። መኖ ሻጮች ዘንድ «ለዶሮ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ዱቄት» ተብሎ ይጠየቅ። ከዚህ ሌላ የእንቁላል ቅርፊት አይጣል። ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ደርቆ፣ ደቅቆ በተለየ ሣህን ይቀመጥላቸው፤ የሚያስፈልጋት ራሷ ትወስዳለች። ቅርፊቱ ሳይደቅ ከተሰጠ ግን ዶሮዋ የራሷን እንቁላል መስበር ትለምዳለች፤ ያንን ልማድ ማስተው ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

ሚዛን ለሌላቸው አንድ ዘዴ። ጣሳ ጣሳ ነው ብለው ሁሉንም በአንድ ጣሳ እንዳይሰፍሩ። አንድ ጣሳ ፉርሽካና አንድ ጣሳ የኖራ ድንጋይ ክብደታቸው ምንና ምን ነው። አንድ ቀን ባለ ሱቁ ጋ ሄደው የእያንዳንዱን አንድ ኪሎ ያስመዝኑና ጣሳው ላይ በምስማር ምልክት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ በምልክቱ መስፈር ነው። ሲቀላቀል ጨውና ፕሪሚክሱ መጀመሪያ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ይታሽ፤ ከዚያ ሸራ ላይ ከሌላው ጋር በአካፋ ሦስት አራት ጊዜ ይገላበጥ። እንዲያው ከላይ ከተበተነ አንዷ ዶሮ ጨዉን ሁሉ ትበላለች፣ ሌላዋ ምንም አታገኝም። ጨው ደግሞ ሲያንስ ላባ መነቃቀል ያመጣል፣ ሲበዛ ይገድላል።

አሁን ወደ ልውሱ። ለምን እንለውሳለን? ደረቁን ብቻ ስትሰጧቸው ዶሮዎች መራጭ ናቸው፤ የበቆሎውን ፍሬ ለቅመው የደቀቀውን ገንዳው ሥር ይተዉታል። ያ የደቀቀው ግን ፋጉሎው፣ ኖራ ድንጋዩና ፕሪሚክሱ ነው፤ በውድ የተገዛው ማለት ነው! ሲለወስ ሁሉም አንድ ላይ ይያያዛል፣ መምረጥ ያቅታቸዋል። ሌላው ደግሞ ይወዱታል። ሙቀት ሲበዛ ወይም ፀሐይ ሲያደክማቸው ደረቁን ትተው ልውሱን ይበላሉ።

የቀኑን መኖ ሁሉ መለወስ ግን አያስፈልግም። ደረቁ ጠዋት ይሰጥና ቀኑን ሙሉ ይኑርላቸው፤ ሲሶው ብቻ ከሰዓት በኋላ፣ በአገር ቤት 9 ሰዓት ገደማ፣ ተለውሶ ይቅረብ። ለ20 ዶሮ 800 ግራም ያህል ማለት ነው። ሰዓቱን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። የእንቁላሉ ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ወደ ማታ የበላችው ካልሲየም በሰዓቱ ይደርስላታል። የደቀቀው የእንቁላል ቅርፊትም በዚሁ ሰዓት ቢቀርብ ጥሩ ነው።

ለአንድ ጣሳ ደረቅ መኖ ግማሽ ጣሳ ለብ ያለ ውኃ ጨምሮ ማሸት፣ ዐሥር ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ በእጅ መጭበጥ። ሲጨበጥ ተያይዞ፣ ሲለቀቅ የሚፈረፈር መሆን አለበት። ውኃ ከጠብ አለ በዝቷል፤ ፉርሽካ ጨምሩበት። በውኃው ፈንታ አይብ የወጣለት አጓት ካለ እሱ ይሻላል። ጎመን፣ አልፋልፋ፣ ሽፈራው ካለ ቅጠሉ ደቅቆ ይግባበት፤ የእንቁላሉን አስኳል ቢጫ የሚያደርገውም ቅጠሉ ነው። በከተማ ቢጫ አስኳል ፈልጎ የሚገዛ ደንበኛ አለ።

ገንዳው ሁሉንም የሚያደርስ ይሁን። ለአንዲት ዶሮ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋታል፤ ለ20 ዶሮ በሁለቱም በኩል የሚበላበት አንድ ሜትር ገንዳ ይበቃል። ልውስ ሲመጣ ጉልበተኞቹ ስለሚቀድሙ ደካሞቹን የሚያያቸው ሰው ይኑር። በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ የተረፈው ይነሣ። ለነገ አይቀመጥም! ገንዳውም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደፋ። እርጥብ መኖ ቆላ አገር ውስጥ በግማሽ ቀን ይበላሻል፤ ብዙ ሰው «ልውስ ዶሮ ይገድላል» የሚለው ልውሱ ገድሎበት ሳይሆን የትናንቱን ስለሰጠ ነው።

ማኮምጠጥ የሚፈልግ ደግሞ አለ፤ እኔም እወደዋለሁ፤ እኛ ሴቶች ለሊጥ እንግዳ አይደለንም። የኖራ ድንጋዩ ሳይገባ ድብልቁ በባልዲ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ተከድኖ፣ በቀን አንዴ እየተማሰለ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ኖራ ድንጋዩ ኮምጣጣነቱን ስለሚያጠፋው ሲቀርብ ነው የሚጨመረው። ሽታው እንደ ደህና ሊጥ ጎምዘዝ ካለ ደርሷል፤ አጥልሎ መስጠት ነው። ከላዩ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ጸጉር ካበቀለ፣ ወይም የሞተ ነገር ከሸተተ፣ ባልዲው ሙሉ ይደፋል። ከላይ ገፎ ከሥር መስጠት የለም።

ስለ ሻጋታ ይህን ካልኩ አይቀር ትንሽ ልጨምር፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የሻገተ በቆሎና የሻገተ ፋጉሎ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይኖራል። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፣ ቢቆላ፣ ቢቀቀል አይጠፋም። ጉበታቸውን ይጎዳል፤ ዶሮዎቹ ይከሳሉ፣ እንቁላል ይቀንሳሉ፣ ይሞታሉም። «ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮ ይሁን» የሚለውን ልማድ ነው የምጠላው። ፋጉሎ ሲገዛ ይሰበርና ይሽተት፤ የምድር ቤት ሽታ ካለው ይቅር፣ በርካሽ ቢሰጥም ይቅር። የተዘጋጀው መኖ ጆንያው እንጨት ላይ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ የተቆላና የተፈጨ አኩሪ አተር ቅባቱ ስለሚበላሽ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የሚሆን አንድ ላይ አይፈጭ።

ከወጥ ቤት የሚተርፈው ነገርስ? የድንች ልጣጭ ተቀቅሎ ይሆናል፤ አረንጓዴው ግን አይሰጥም። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ መርዝ ነው። ወጥ የነካው እንጀራ ጨውና በርበሬ ስላለበት ጥቂት ብቻ። የጠላ አተላ በየሰፈሩ ይሰጣል፤ ደህና ምግብ ነው፣ የዕለቱ ከሆነና በልክ ከሆነ ከልውሱ ጋር ቢገባ ክፋት የለውም። ቤተሰቧ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር አካባቢ ያለች ደግሞ ዕድለኛ ናት፤ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉት ጭንቅላትና አንጀት ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ሲገባ ጥሩ ፕሮቲን ነው። ከ25 ኪሎው ውስጥ ከአንድ ኪሎ አይለፍ፤ ሲበዛ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል።

ጫጩት ያስገዛችሁ ስሙኝ። ከላይ የተናገርኩት ድብልቅ የእነሱ አይደለም። 2 ኪሎው ኖራ ድንጋይ ገና መጣል ላልጀመሩ ቄቦች ኩላሊት ይጎዳል። ለጫጩት እስከ ሁለት ወር ድረስ የጫጩት መኖ መግዛት ነው የምመክረው፤ ትንሽ ስለሚበሉ ወጪው አይከብድም። ቄቦቹ በአምስት ወር ገደማ የመጀመሪያውን እንቁላል ሲያሳዩ ወደ ጣዮቹ መኖ ይዛወራሉ። የፈንግል ክትባታቸውን ደግሞ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ፤ ያልተከተበ ዶሮ ምንም ቢቀለብ ዋስትና የለውም።

ውኃን ረስቼ ነበር የምሄደው! ዶሮ የምትጠጣው ከምትበላው እጥፍ ነው፤ ለ20 ዶሮ በቀን አምስት ሊትር ያስፈልጋል፣ በሙቀት ከዚያም በላይ። ንጹሕ ይሁን፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ልውስ በላች ተብሎ ውኃ አይቀነስባትም።

ተራራው ላይ፣ መንደር ውስጥ፣ የማዳምን ዶሮዎች የምትቀልቡም አላችሁ። እዚያ የሚሰጠው በአብዛኛው የተረፈ ኹብዝ ነው። ኹብዝ ያጠግባል እንጂ እንደ በቆሎው ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ጨውም አለበት። ማዳም «እንቁላሉ የታለ?» ብላ ስትጠይቃችሁ መልሱ ይኼ ነው፦ የጣይ ዶሮ መኖ ይገዛ፣ ኹብዙ ጥቂት ይሁን፣ ያልሻገተው ብቻ ይሁን።

የቤተሰቡን መኖ ስታስቀይሩ በአንድ ቀን አይሁን። በሳምንት ውስጥ ከአሮጌው እየቀነሱ ከአዲሱ እየጨመሩ ነው። እንቁላል ለመመለስም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በአምስተኛው ቀን «ምንም ለውጥ የለም» ብለው እንዳይሸጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። በየሳምንቱ ሦስት ነገር በፎቶ ይላኩላችሁ፦ ገንዳው፣ የተሰበረ እንቁላል ቅርፊት፣ እና የቀኑ እንቁላል ብዛት የተጻፈበት ደብተር። ደብተሩን ለታናሽ እህት ስጧት፤ እሷ ትጽፋለች።

ደብተሩ ለምን እንዳስፈለገ በቁጥር ላሳያችሁ። 20 ዶሮ በቀን 14 እንቁላል ቢጥሉ ለአንድ እንቁላል 170 ግራም መኖ ወጣ ማለት ነው፤ በአንድ ኪሎ መኖ ወደ 6 እንቁላል። ያው 20 ዶሮ 5 እንቁላል ብቻ ቢጥሉ ለአንዱ እንቁላል 480 ግራም ወጣ፤ በአንድ ኪሎ 2 እንቁላል። እንግዲህ የአንድ ኪሎ ድብልቅ ዋጋ በአካባቢያችሁ ስንት እንደሚያወጣ ይጠየቅ፤ በስድስት እንቁላል ዋጋ ጎን ይቀመጥ። ስድስቱ እንቁላል ከመኖው ዋጋ በደንብ ካልበለጠ ሌሎች ወጪዎች አሉና ሥራው አያዋጣም፤ ያን ጊዜ ዶሮ መቀነስ ነው። ዶሮ ስታረጅ ደግሞ መኖ ትበላለች እንጂ አትጥልም፤ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጨርስ ለበዓል ትሸጥ። እዚህ ላይ እናቶች ያዝናሉ፣ በስም የሚጠሯቸው አሉ።

የዐቢይ ጾም ጉዳይም አለ። እንቁላል ፈላጊ ስለሚጠፋ ብዙ ቤተሰብ መኖውን ይቀንሳል። ከዚያ ፋሲካ ሲመጣ፣ ዋጋው ሲወጣ፣ ዶሮዎቹ ባዶ ናቸው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያረጁትን ሸጦ፣ የቀሩትን በሙሉ ልክ መቀለብ ነው የሚሻለው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የተጣለውን እንቁላል ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሳይታጠብ፣ ማቆየት ይቻላል።

የድብልቁን ልክ በድምፅ ቀድቼ ዛሬ ማታ በማኅበሩ ግሩፕ ላይ እለቀዋለሁ፤ እንዳለ ወደ ቤት አስተላልፉት። ኑግ የማይገኝበት አገር፣ ወይም አኩሪ አተር የማይታወቅበት ሰፈር ቤተሰብ ያላችሁ ሻይ ስንጠጣ ወደ እኔ ኑ፤ ያለውን ንገሩኝና አብረን እናሰላዋለን።